«ያ ኬሚካል ነው፣ እኔ ቅጠሌን እጠጣለሁ»፦ የስኳር ክኒናችሁ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ?

 

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ምርመራ ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል የሚገጥመኝ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ሌላ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው ካለ እስከ መጨረሻው እንድትዘልቁ እለምናችኋለሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። (ማንነታቸውን ሳልገልጽ ታሪኩን እንዳካፍላችሁ ፈቅደውልኛል።) አፋቸው ደርቋል። ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለሱ ነው ያደሩት። በሁለት ወር ውስጥ ልብሳቸው ሁሉ ሰፍቷቸዋል። ጣታቸውን ወግተን ስንለካ ስኳራቸው በባዶ ሆዳቸው 380 ሆኖ ተገኘ። እኚህ እናት ለስምንት ዓመት ሜትፎርሚን የወሰዱ፣ ቀጠሮ አሳልፈው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«እማማ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። የመለሰችልኝ ልጃቸው ናት።

«ትታዋለች ዶክተር። ስልክ ላይ ቪዲዮ አይታ ነው።»

እሳቸውም ቀና ብለው፣ «አትቆጣኝ ልጄ» አሉ። «ያ እኮ ኬሚካል ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ኬሚካል ስውጥ ኩላሊቴን ጨረሰው አሉኝ። አሁን ቅጠል ነው የምጠጣው። ቅጠል ምን ያደርጋል?»

አልተቆጣሁም። «እማማ፣ ይሄ የተዉት ክኒን እኮ ዘሩ ቅጠል ነው» አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ግን ቀልድ አልነበረም። ያን ቀን ለእሳቸው በአጭሩ የነገርኳቸውን ዛሬ ለእናንተ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

«ኦርጋኒክ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ገበያ ስትወጡ «ኦርጋኒክ ማር»፣ «ኦርጋኒክ የፀጉር ቅባት» ይሏችኋል። እዚያ ላይ ቃሉ ማዳበሪያም ፀረ ተባይም ያልነካው፣ ንጹሕ ለማለት ነው። ኬሚስት ጋ ስትሄዱ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ኦርጋኒክ ውህድ የሚባለው በካርቦን አቶሞች አጽም ላይ የተሠራ ውህድ ነው። በዚያ አጽም ላይ ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅንና የመሳሰሉት ይሰካሉ።

በዚህ ትርጉም ስኳር ኦርጋኒክ ነው። ቅቤ ኦርጋኒክ ነው። ቫይታሚን ሲም እንደዚያው። ግን መኪናችሁ ውስጥ ያለው ቤንዚንም ኦርጋኒክ ነው። ዳቦ የያዛችሁበት ፌስታልም ኦርጋኒክ ነው። የእባብ መርዝም ኦርጋኒክ ነው። ስለዚህ «ኦርጋኒክ ነው» ማለት ብቻውን «አይጎዳም» ማለት አይደለም።

መድኃኒቶቻችንስ? ፓራሲታሞል፣ አሞክሲሲሊን፣ ኦሜፕራዞል፣ የግፊቱ አምሎዲፒን፣ የስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ሁሉም ኦርጋኒክ ውህዶች ናቸው። እንደ አይረን ያሉ ከማዕድን የሚሠሩ ጥቂቶች አሉ እንጂ፣ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያለው አብዛኛው መድኃኒት የካርቦን ልጅ ነው።

ድሮ ሳይንቲስቶችም ልክ እንደ እኚህ እናት ያስቡ ነበር። «ሕይወት ያለው አካል የሚሠራቸውን ነገሮች ሰው በብልቃጥ ውስጥ ሊሠራቸው አይችልም፣ የተለየ የሕይወት ኃይል ያስፈልጋቸዋል» ይሉ ነበር። በ1828 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፍሬድሪክ ቮለር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በርሊን ውስጥ ዩሪያን ሠራ። ዩሪያ ሽንታችን ውስጥ ያለው ነገር ነው። እሱ ግን ያለ ኩላሊት፣ ያለ ሰው፣ ያለ እንስሳ ከአንድ ጨው አገኘው።

ዩሪያን እናንተም ታውቁታላችሁ። ገበሬያችን ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ውስጥ አለ። የኩላሊት ምርመራ ስታደርጉ ውጤቱ ላይ ይጻፋል። ለተሰነጠቀ ተረከዝ የምትቀቡት ክሬም ውስጥም አለ። ሰውነታችሁ የሠራው ዩሪያና ፋብሪካ የሠራው ዩሪያ አንድ ናቸው። ሞለኪውል የትውልድ ቦታ መታወቂያ አይዝም። የሚሠራውን ሥራ የሚወስነው ቅርጹና መጠኑ ነው፤ ዛፍ ላይ መብቀሉ ወይም ፋብሪካ ውስጥ መሠራቱ አይደለም።

ሜትፎርሚን እንዴት ተወለደ?

አሁን ወደ ስኳሩ ክኒን እንመለስ። አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ የሚባል፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል አለ። ለዘመናት በባህል መድኃኒትነት ሲያገለግል ኖሯል። ይኸው ተክል ግን በግ በብዛት ሲበላው ይመርዘዋል፤ አንዳንዴም ይገድለዋል።

ተክሉ ጓኒዲን በሚባል ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ውህዶች አሉት። ጓኒዲን የእንስሳትን የደም ስኳር እንደሚቀንስ በ1918 ታወቀ። በ1920ዎቹ ደግሞ ከተክሉ የወጣው ጋሌጂን የተባለው ውህድ ለስኳር ሕመምተኞች ተሞከረ። ስኳር ቀነሰ? አዎ ቀነሰ። ግን ለሰው መርዛማነቱ አስቸገረ፣ የሚቆይበት ጊዜም አጭር ነበር። አያችሁ፣ ይሄ ንጹሕ «ተፈጥሯዊ» ነው፤ በቀጥታ ከቅጠል የመጣ። ግን ሰው በየቀኑ ሊወስደው የሚችል አልነበረም።

የመድኃኒት ኬሚስትሪ የሚባለው ሙያ ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው «ጥቅሙን ይዘን ጉዳቱን መቀነስ እንችላለን ወይ?» የሚል ነው። ጋሌጂን አንድ የጓኒዲን ክፍል አለው፤ ከጎኑ አምስት ካርቦን ያለው ጅራት ተቀጥሎበታል። ሜትፎርሚን ግን እንዲህ ያለ ረጅም ጅራት የለውም። ሁለት የጓኒዲን ክፍሎች ተጋጥመው ጫፋቸው ላይ ሁለት ትናንሽ ሜቲሎች ተሰክተዋል። ልዩነቱ ይቺው ናት። በሰውነት ውስጥ ያላት ትርጉም ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ሜትፎርሚን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በ1922 ደብሊን ውስጥ ነው። በዚያው ሰሞን ኢንሱሊን በመገኘቱ የሁሉም ዓይን ወደዚያ ዞረ፣ ሜትፎርሚንም ለብዙ ዓመታት ተረሳ። በ1957 ዣን ስቴርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በሕመምተኞች ላይ ያየውን ውጤት አሳተመ፤ መድኃኒቱም «ግሉኮፋጅ» ተባለ፣ «ስኳር በል» እንደማለት። አሜሪካ ለመፍቀድ እስከ 1994 ጠብቃለች። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው።

ሜትፎርሚን ፌንፎርሚን የሚባል የቅርብ ዘመድ ነበረው። አጽማቸው አንድ ነው፤ ፌንፎርሚን ጫፉ ላይ ትልቅ ቀለበት ያለው ጅራት አለው። እሱም ስኳር ይቀንስ ነበር፤ ነገር ግን ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ እያጠራቀመ ሰዎችን ለሞት ስለዳረገ በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች ከገበያ ወጣ። እንግዲህ አስቡት፣ የአንድ ጅራት ልዩነት አንዱን በሚሊዮኖች የሚወሰድ መድኃኒት፣ ሌላውን የተከለከለ አደረገው።

ኩላሊትን ይጨርሳል የሚባለውስ?

እኚህ እናት የፈሩት ይህንን ነበር፣ ስለዚህ በግልጽ ልመልሰው። ሜትፎርሚን ኩላሊትን አይጎዳም። ወሬው የመጣው ይመስለኛል ከአንድ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ በጉበት ሳይፈጭ እንዳለ በኩላሊት በኩል ይወጣል። ስለዚህ ኩላሊት በሌላ ምክንያት ሲደክም መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ እንዳይጠራቀም መጠኑን እንቀንሳለን፤ በጣም ከደከመ ደግሞ እናቆመዋለን። ሰው ታዲያ «ኩላሊቱ ሲታመም አቆሙበት» የሚለውን «መድኃኒቱ ኩላሊቱን አሳመመው» ብሎ ይተረጉመዋል።

ኩላሊትን ቀስ እያለ የሚጨርሰው ቁጥጥር ያጣ ስኳር ነው። የዓይንን ብርሃን፣ የእግርን ነርቭ፣ የልብን ደም ስር የሚበላውም እሱው ነው። እኚህ እናት ኩላሊታቸውን ለማዳን ብለው ያደረጉት ነገር ኩላሊታቸውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነበር። ልቤን የሚሰብረው ይሄ ነው።

ኬሚስቱ ቅጠሉ ላይ ምን ይጨምራል?

ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

አንደኛው አስፒሪን ነው። የአኻያ ዛፍ ልጣጭ ሕመምና ትኩሳት እንደሚያስታግስ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ከልጣጩ ከሚገኘው ውህድ ሳሊሲሊክ አሲድ ይወጣል፤ ይሄ ግን ሲዋጥ አፍንም ጨጓራንም ክፉኛ ያስቆጣል። በ1897 በጀርመኑ ባየር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ሆፍማን አሴቲል የምትባል ትንሽ ቁራጭ ሰካበትና አስፒሪን ተወለደ፤ በ1899 ገበያ ላይ ዋለ። ሲዋጥ የተሻለ ሆነ እንጂ ጨጓራን መጉዳቱ ፈጽሞ አልቀረም፣ ዛሬም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ያቺ የተሰካችው ቁራጭ ደም የሚያረጉ ሕዋሳት ውስጥ ገብታ ሥራቸውን ትቆልፋለች። የልብ ሕመምተኞች ሐኪም ሲያዝላቸው በየቀኑ ትንሿን አስፒሪን የሚወስዱት በዚህ ምክንያት ነው። የአኻያን ልጣጭ አፍልቶ መጠጣት ይህንን አይሰጥም፣ ምክንያቱም ቁልፏ የተሰካችው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው የወባ መድኃኒት ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከእኛ አሪቲ ጋር ዘመድ በሆነ ተክል ላይ ስትመራመር ውጤቱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ፍንጩን ያገኘችው 1,600 ዓመት ገደማ ከሆነው የቻይና የባህል ሕክምና መጽሐፍ ነው፤ ተክሉን በውሃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት ይላል እንጂ አፍሉት አይልም። ሙቀቱ ይሆን የሚያበላሸው? ብላ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው፤ ሠራ። ይሄ በ1971 ነው። በቀጣዩ ዓመት አርቴሚሲኒን ንጹሕ ሆኖ ተለየ።

ግን አርቴሚሲኒን ውሃ ውስጥም ዘይት ውስጥም በደንብ አይሟሟም። ኬሚስቶች ትንሽ ለወጥ አድርገውት ዘይት የሚወደውን አርቴሜተርን፣ ውሃ የሚወደውንና በደም ስር የሚሰጠውን አርቴሱኔትን ሠሩ። ከ2004 ጀምሮ በአገራችን ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ የመጣው ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር ይሄው ነው። ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተጋርታለች። ይህም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት የዚህን ተክል ሻይ ለወባ ሕክምና አይመክርም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፣ በቂም ላይሆን ይችላል፤ በሽታው ያገረሻል፣ ተሕዋሲውም መድኃኒቱን ይለማመዳል።

የእኛ ቅጠሎችስ?

እባካችሁ «ዶክተሩ የባህል መድኃኒትን ናቀ» እንዳትሉኝ። የእናቶቻችን እውቀት ትልቅ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነስተው እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። ፍንጩ ከልብስ አጣቢዎቹ ነው። የጨመሩበት ነገር ምን መሰላችሁ? የትኛው ውህድ ነው የሚገድለው? ስንት ያስፈልጋል? ሌላውን ፍጥረት ይጎዳል ወይ? የሚሉትን ጥያቄዎች መመለስ ነው።

ኮሶን አስቡ። ስንት ትውልድ ከኮሶ ትል ገላግሏል። ግን መጠኑ ሲያልፍ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፣ ዓይንን እስከማጥፋት የደረሰበትም ጊዜ አለ። ልዩነቱ ያለው መጠኑ ላይ ነው፤ ያ መጠን ደግሞ ከዛፍ ዛፍ፣ ከእጅ እጅ ይለያያል።

ወይም ጫትን ውሰዱ። ለምንድነው ጫት የጫነ መኪና እንደዚያ የሚበረው? ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ውህድ ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማ ነገር ስለሚቀየር ነው። ያው ቅጠል ነው፣ የዛሬውና የሳምንቱ ግን አንድ አይደሉም። እንግዲህ ማን መቼ እንደቆረጠው፣ እንዴት እንዳደረቀው የማታውቁት በፌስታል የመጣ ዱቄት ውስጥ ምን ያህል ምን እንዳለ በምን ታውቃላችሁ? አንድ ሜትፎርሚን ላይ 500 ሚሊግራም ከተባለ ግን ዛሬም 500፣ ነገም 500 መሆን አለበት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

👉 በሐኪም የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ። ካስጨነቃችሁ፣ ካስመለሳችሁ፣ ወሬ ከሰማችሁ መጥታችሁ ጠይቁ። ጥያቄ መብታችሁ ነው።

👉 የምትጠጡትን ቅጠል አትደብቁን። ይዛችሁት ኑ። ቅጠልም ውህድ ነው፤ ከመድኃኒታችሁ ጋር ሊጋጭ ወይም ስኳራችሁን ከሚፈለገው በታች ሊያወርደው ይችላል። እርጉዞች፣ የጉበትና የኩላሊት ሕመምተኞች፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ በተለይ ተጠንቀቁ።

👉 ስምና መጠን ያልተጻፈበትን ዱቄት አትመኑ። በተለያዩ አገሮች «ንጹሕ ቅጠል» ተብለው የተሸጡ ምርቶች ሲመረመሩ በድብቅ የስኳር ክኒን ወይም ስቴሮይድ ተፈጭቶ የተጨመረባቸው ሆነው ተገኝተዋል። «በአንድ ቀን ፈወሰኝ» የሚያሰኝ ከሆነ የበለጠ ጠርጥሩ።

👉 ሜትፎርሚን ሆዳችሁን ካስቸገረ ከምግብ ጋር ውሰዱት። መጠኑን ቀስ በቀስ መጨመር ወይም ቀስ እያለ ወደሚለቀቀው ዓይነት መቀየርም ይቻላል፣ ሐኪማችሁን አማክሩ።

👉 ቢያንስ በዓመት አንዴ ኩላሊታችሁን ተመርመሩ። ለዓመታት ከወሰዳችሁት የቫይታሚን ቢ 12 መጠናችሁንም እንዲያዩላችሁ ጠይቁ፤ ሊቀንሰው ይችላል።

👉 ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ከያዛችሁ፣ ወይም በደም ስር ቀለም ተሰጥቷችሁ ሲቲ ስካን ልትነሱ ከሆነ ሜትፎርሚን እንደምትወስዱ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለጊዜው ማቆም ሊያስፈልግ ይችላል።

👉 የማይቆም ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ ትውከት፣ ፈጣን ትንፋሽ፣ መፍዘዝ ወይም ግራ መጋባት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

እኚያ እናትስ?

የዚያን ቀን ኩላሊታቸውን መረመርን፤ ደህና ነበር። ስምንት ዓመት «ኬሚካል» የዋጡበት ኩላሊት ማለት ነው። ወረቀቱን እጃቸው ላይ ሰጥቼ ቁጥሩን አሳየኋቸው። ለጊዜው ኢንሱሊን ጨምረንላቸው ሜትፎርሚኑን መልሰው ጀመሩ። ቅጠሉን ደግሞ ምን እንደሆነ እስክናውቅ እንዲያቆዩት ተስማማን።

ከሦስት ወር በኋላ ሲመለሱ ያለ ድጋፍ ነው የገቡት። ስኳራቸው በባዶ ሆድ 128 ነበር። ክኒኑን ሳይረሱ እየወሰዱ እንደሆነ ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ።

«ጠዋትና ማታ ቅጠሌን እውጣለሁ» አሉኝ።

ውድ ቤተሰቦች፣ ከእንግዲህ አንድ ሰው «ኬሚካል ነው ወይስ ተፈጥሯዊ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ጥያቄውን ቀይሩለት። ውስጡ ያለው ውህድ ምንድነው? መጠኑ ስንት ነው? በሰው ላይ ተሞክሮ ምን ታየ? እነዚህ ሦስቱ መልስ ካላቸው ከቅጠል ይምጣ ከፋብሪካ ግድ የለም። መልስ ከሌላቸው ደግሞ ያው ነው፤ ከየትም ይምጣ አትውሰዱት።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ መድኃኒታቸውን በድብቅ እንዳላቆሙ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። ሳትቆጡ ጠይቋቸው። ጽሑፉ ይጠቅማል ብላችሁ ለምታስቡት ሰው ሼር አድርጉ፣ ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ይህ ለግንዛቤ የቀረበ ነው፤ እናንተን የሚያውቃችሁን ሐኪም ምክር አይተካም።